ለኮምፒውተር ማጽጃ ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?

ሰላም ወገኖች፣ እስቲ አንድ ነገር አማክሩኝ። ላፕቶፔ 4 ጊጋባይት ራም ያለው፣ በዊንዶውስ 10 የሚሠራ አሮጌ ዕቃ ነው። እስኪከፈት ቡና ተፈልቶ ይደርሳል። በነፃ ያወረድኩት ማጽጃ ፕሮግራም ደግሞ "ብዙ ስህተት ተገኝቷል" እያለ በቀይ ያስፈራራኛል። ለማስተካከል ግን ዓመታዊ ክፍያ፣ ያውም በዶላር! ከየት ላምጣው?

ቆሻሻ ፋይሎቹን በዊንዶውሱ ዲስክ ክሊንአፕ አጥፍቻለሁ። ላፕቶፑ ሲከፈት አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞችም በታስክ ማናጀር ዘግቻለሁ። ትንሽ ተሻለው እንጂ አልዳነም። የዲስኩ የሥራ ጫና አሁንም 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። የድሮው የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው።

የሚከፈልበት ማጽጃ ከዚህ በላይ ምን ይጨምራል? ሬጅስትሪ (የዊንዶውሱ የቅንብር መዝገብ) ማጽዳት የሚሉትስ እውነት ያፈጥናል ወይስ ጭራሽ ዊንዶውሱን ያበላሽብኛል? ወይስ ብሩን ለኤስኤስዲ (ለማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ) ላውለው? በተለይ ኤስኤስዲ የቀየራችሁ፣ እባካችሁ ለውጡን ንገሩኝ።