ጥቆማ፦ ኦርላንዶ ከልጅ ልጄ ጋር፣ የመጀመሪያው ቀን የት ይሁን? ስትሮለር (የልጅ ጋሪ) ከየት እንከራይ?

አያት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የሄዳችሁበት እባካችሁ ጠቁሙኝ። በሰኔ መጨረሻ ትምህርት ሲዘጋ ከልጄና ከልጇ ጋር ኦርላንዶ ልንሄድ ነው፣ ህፃኗ አራት አመት ከመንፈቅ ናት። ልጄ በመጀመሪያው ቀን በጠዋት ገብተን ማታ ርችት አይተን ነው የምንወጣው ትላለች፣ እኔ ደግሞ ጉልበቴ ያስቸግረኛል፣ ህፃኗም ከሰአት ካልተኛች ማንም አይችላትም። ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ የመጀመሪያውን ቀን ማጂክ ኪንግደም (ካስል ማለትም ቤተመንግስት ያለበት የዲዝኒ ፓርክ) እናድርገው ወይስ ቀለል ያለ ቦታ? ሁለተኛ ስትሮለር እዛው ፓርኩ ውስጥ ብንከራይ ነው የሚሻለው ወይስ ሆቴል ድረስ ከሚያመጡት? የራሳችንን እንዳንወስድ ባለፈው አትላንታ ስንሄድ ጎማው ተሰብሮ ነው ከአውሮፕላን የወጣው። ስሰራ ኖሬ ስሰራ ይሄን ቀን ከዚህች ልጅ ጋር ማየት ስለምፈልግ ነው እንዲህ የምጨነቀው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የመንታ እናት፦
እትዬ እንኳን ለዚህ አበቃዎት! ማጂክ ኪንግደም፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ምንም አያስቡ። ልጅ ካስሉን ሳታይ ሌላ ቦታ ከወሰዷት "መቼ ነው የምንሄደው መቼ ነው የምንሄደው" እያለች ነው የምትውለው። ግን አንድ ነገር ልንገርዎት ከቤት ሳትወጡ ቁመቷን ለኩ። እኔ መንቶች ነው ያሉኝ፣ የሰባቱ ድንክዬዎች ባቡር 38 ኢንች (97 ሴንቲ) ይላል፣ በሩ ላይ ሲለኩ ልጁ አለፈ እህቱ በአንድ ጣት ቀረች። ያንን ለቅሶ እስካሁን አልረሳውም፣ እሱም አልሄድም ብሎ አብሯት አለቀሰ። ስፔስ ማውንቴን 44 ነው፣ ትሮን 48 ነው፣ እነሱን ስማቸውንም አታንሱባት። ዱምቦ፣ ፒተር ፓን፣ ዊኒ ዘ ፑህ፣ ኢትስ ኤ ስሞል ወርልድ ቁመት አይጠይቁም።

የናይል ደንበኛ፦
ኦርላንዶ ድረስ ሄዳችሁ ኢንተርናሽናል ድራይቭ ላይ ናይል የሚባለው የሀበሻ ምግብ ቤት ሳትበሉ እንዳትመለሱ። በያይነቱው ብቻ ይበቃል። ቡናውም በስርዓቱ ተቆልቶ ነው። እኔ በሄድኩ ቁጥር ከኤርፖርት ቀጥታ እዛ ነው።

ያልተሳካለት አባት፦
ስለ ስትሮለር ከማሰባችሁ በፊት ከኤርፖርት እንዴት እንደምትወጡ አስቡ። እኛ ካቻምና ከሚስቴና ከሶስት አመት ልጄ ጋር ሄድን፣ ቫን ከነካር ሲቱ (የልጅ መቀመጫው) ብለን ከወር በፊት ሙሉውን ከፈልን፣ ማታ በፈረንጅ 10፡00 ላይ አረፍን፣ ሻንጣ ወሰድን፣ ቆምን። ቫን የለም። ስልክ ደወልን "አምስት ደቂቃ" አሉን፣ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ደግሞ ደወልን "መንገድ ላይ ነው" አሉን፣ ልጁ ሻንጣ ላይ ተኝቷል እናቱ በነጠላዋ ሸፍናዋለች። እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል መጣና ካር ሲት የለውም! ሹፌሩ ጭንሽ ላይ ያዢው አላት ሚስቴን። ፍሎሪዳ ደግሞ እስከ አምስት አመት ግዴታ ነው፣ ባይሆንስ በዛ ሀይዌይ ላይ ልጄን ጭን ላይ? አልገባንም። ሌላ መኪና ከነካር ሲቱ እስክናገኝ ሆቴል የገባነው ሌሊት ሰባት ተኩል በሀበሻ። በማግስቱ የመጀመሪያ ቀናችን ነበር፣ ልጁ አስነስተን አስነስተን እምቢ አለ፣ እኩለ ቀን ላይ ገባን፣ ሙቀቱ አናታችን ላይ፣ ሁለት ነገር አይቶ ማልቀስ ጀመረና ተመለስን። የሶስት ሰው ቲኬት እንዲሁ ቀረ። ብሩም አልተመለሰልንም።

ቤቲ አትላንታ፦
ወይኔ ልጅዬ። የቫኑ ድርጅት ስም ማነው ሌላ ሰው እንዳይጠቀም?

ያልተሳካለት አባት፦
ስም አልጠራም፣ ጠበቃ ምናምን ውስጥ መግባት አልፈልግም። ምክሬ ማንም ይሁን ማን ሙሉውን ቀድማችሁ አትክፈሉ፣ ካር ሲቱንም ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ በሉ።

ሜሪላንድ 20፦
ድሮ እኮ ዲዝኒ ሆቴል ካረፍክ ከኤርፖርት በነፃ ነበር አውቶቡስ የሚወስደው፣ 2022 ሲገባ ነው ያቆሙት። ከዛ ወዲህ ነው ይሄ ሁሉ መጉላላት የመጣው። እኔ ሁሌ መኪና ነው የምከራየው።

ቤቲ አትላንታ፦
መኪና ተከራይተህ የፓርኪንጉንስ? ከዲዝኒ ውጪ ሆቴል ካረፍክ ብዙ ጊዜ ሆቴሉም ያስከፍላል ፓርኩም ያስከፍላል። ኡበር ይሻላል።

ሜሪላንድ 20፦
ኡበር ላይ ካር ሲት ማን ያመጣልሻል?

ያልተሳካለት አባት፦
አያችሁ ወደ እኔ ነጥብ መጣችሁ።

ዱባይ ያለሁ፦
እኔ ዱባይ ነው ያለሁት፣ እዚህ ሌጎላንድ አለ በ2016 የተከፈተ፣ እናቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ከልጄ ጋር ወሰድኳቸው በጣም ነው ደስ ያላት። በሙቀቱ ወራት ግን ውጪ ውጪውን አይሞከርም፣ ታህሳስ ነው ጥሩ።

ጨው ቅመሱ፦
ሴትየዋ ስለ ጋሪ ጠየቁ፣ እናንተ በያይነቱ አቀረባችሁ፣ ዱባይ ደረሳችሁ፣ የፓርኪንግ ክርክር ላይ ናችሁ። ቀጥሎ የዲቪ ፎርም ነው የምትሞሉላቸው? እባካችሁ ጥያቄውን አንብቡ።

የናይል ደንበኛ፦
ሰው መብላት የለበትም?

ኪሲሚ ነዋሪ፦
እትዬ እኔ እዚሁ ኪሲሚ ነው የምኖረው ሆቴል ውስጥ ነው የምሰራው፣ ቤተሰብ ጠዋት ሲወጣም ማታ ሲገባም አያለሁ። ጠዋት እየሳቁ የወጡት ማታ ህፃኑ ትከሻ ላይ ተኝቶ እናትና አባት ተኮራርፈው የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ነው። ምክንያቱም ሁሉም ሰው በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ልይ ይላል። ስለዚህ ልጅዎ የምትለውን ጠዋት እስከ ማታ አይስማሙ፣ በፍቅር ይንገሯት ግን አይስማሙ።

የደረሳችሁበትን ቀን ቲኬት አትቁረጡበት። ዲዝኒ ስፕሪንግስ የሚባለው መግቢያ የለውም ፓርኪንጉም ነፃ ነው፣ የሌጎ ሱቅ አለ ከሌጎ የተሰሩ ትልልቅ ነገሮች አሉ፣ ህፃኗ እዛ ትሯሯጥ በጊዜ ትተኛ። በማግስቱ ማጂክ ኪንግደም። በር አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ሶስት ሰዓት ነው የሚከፈተው በሀበሻ ነው የምልዎት፣ በፈረንጅ 9፡00፣ የዲዝኒ ሆቴል ያረፈ ሰው ግን ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይገባል፣ ያቺ ግማሽ ሰዓት ለአራት አመት ልጅ ወርቅ ናት፣ ያኔ ፒተር ፓን ከገባችሁ በኋላ የሚቆየውን ሰልፍ ተገላገላችሁ። ውጪ ሆቴል ካረፋችሁ ደግሞ ይሄን እወቁ፣ ነፃ ሻትል አለን የሚሉት ብዙዎቹ በሩ ላይ አያደርሱም፣ መኪና ማቆሚያው ጋ ነው የሚያወርዱት፣ ከዛ በጀልባ ወይ በሞኖሬይል ትሻገራላችሁ። ስትመለሱም እንደዛው። ከቤት እስከ በሩ አንድ ሰዓት ያዙለት። የዲዝኒ ሆቴል አውቶቡስ ግን በሩ ላይ ነው የሚጥለው። ለጉልበትዎ ስል ነው ይሄን ሁሉ የምዘረዝረው።

ስትሮለሩን በተመለከተ የፓርኩ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፣ ለአንድ ልጅ በቀን 15 ዶላር ገደማ፣ ጭንቀት የለውም፣ ግን ጀርባው አይተኛም፣ ከፓርኩም አይወጣም። ማለት ህፃኗ ደክሟት ስትተኛ ከበሩ እስከ አውቶቡሱ በእጅ ነው። ማን ሊሸከማት ነው እርስዎ? ውጪ ያሉት ሆቴል የሚያመጡት ጀርባቸው ይተኛል፣ ጥላ አላቸው፣ ሌሊትም እናንተ ጋር ያድራል። ለሁለት ቀንና ከዛ በላይ ከሆነ እኔ ውጪውን ነው የምለው፣ ለአንድ ቀን ከሆነ የፓርኩን። ዋገን የሚባለውን የሚጎተት ጋሪ ግን እንዳትከራዩ ከ2019 ጀምሮ ክልክል ነው በር ላይ ይመልሷችኋል። እና እጀታው ላይ የሚታይ ነገር እሰሩ፣ እኔ ለእንግዶች አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሪባን ነው የማስርላቸው፣ ምክንያቱም መጫወቻው በር ላይ ትታችሁ ስትገቡ ሰራተኞቹ ቦታ ለማስተካከል ያነሱታል፣ ስትወጡ መቶ አንድ አይነት ጋሪ ተደርድሮ ታገኛላችሁ።

የመንታ እናት፦
ኪሲሚ ነዋሪ ተባረክ። ስለ ዋገኑ አላውቅም ነበር።

አያት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እግዚአብሔር ያክብርህ ልጄ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ያልተሳካለትም አባት አይዞህ፣ ለልጅህ ሌላ ቀን ይሰጥሃል። አንድ ነገር ረስቼ። ያኔ የሰኔ ፆም ላይ ነን፣ እኔ እፆማለሁ ህፃኗ አትፆምም። ፓርኩ ውስጥ የፆም ይገኛል? ምግብ ይዞ መግባትስ ይፈቀዳል?

የናይል ደንበኛ፦
የፆም ከሆነማ ናይል!! ሽሮው

ኪሲሚ ነዋሪ፦
ይፈቀዳል እትዬ። የመስታወት ጠርሙስና ትልቅ ኩለር (የምግብ ማቀዝቀዣ ሳጥን) ግን አይገባም። ዳቦ ቆሎዎንም ቆሎዎንም ይያዙ፣ ለእሷ የምትወደውን ሳንድዊች። ውሃ እንዳይገዙ፣ ለስላሳ ከማሽን የሚቀዱት ፈጣን ምግብ ቤቶች በረዶ ያለው ውሃ በኩባያ በነፃ ይሰጣሉ፣ መጠየቅ ብቻ ነው። ምግብ ዝርዝሩ ላይ የቅጠል ምልክት ያለበት ከእንስሳት ነፃ ነው። ዶል ዊፕ የሚባለው የአናናሱ አይስክሬም ወተት የለበትም፣ አሎሃ አይል የሚባለው ሱቅ ጋ ይሸጣል፣ በዛ ሙቀት ነፍስ ነው የሚዘራው።

ከሰአት በሰኔ ዝናብና መብረቅ ስለሚመጣ ውጪ ያሉትን መጫወቻዎች ለጊዜው ያቆሟቸዋል። በሰባት ሰዓት ገደማ (የሀበሻ) ወጥታችሁ ሆቴል ብትተኙ ዝናቡም እንቅልፏም አንድ ላይ ያልፋል። መውጣት ካልፈለጋችሁ ከፓርኩ ዋና መንገድ (ሜይን ስትሪት) ጫፍ ክሪስታል ፓላስ የሚባለው ምግብ ቤት አጠገብ ቤቢ ኬር ሴንተር አለ፣ ቀዝቃዛና ፀጥ ያለ ነው፣ ለጨቅላ ብቻ መስሎዎት እንዳያልፉት። ርችቱን ለሌላ ቀን አቆዩት።

ፔፓ ቤት፦
እኔ የምለው ለምንድነው ማንም ስለ ፔፓ ፒግ (የካርቱኗ አሳማ) ፓርክ የማያነሳው? ዊንተር ሄቨን ሌጎላንድ አጠገብ ነው፣ በ2022 ነው የተከፈተው፣ ለዚህ እድሜ ነው የተሰራው። ትንሽ ነው፣ ልጅ አይጠፋብህም፣ አያት ቁጭ ብላ ታያለች። ዲዝኒ ለወላጆች ነው። የኔ ልጅ ከዲዝኒ ይልቅ ጭቃ ላይ መዝለሉን ነው ያስታወሰችው።

የመንታ እናት፦
ፔፓን የማታውቅ ልጅ ብትሆንስ? አራት ተኩል ስትሆን እኮ ፔፓን ትተው የዲዝኒዋ ኤልሳ ላይ ናቸው።

ፔፓ ቤት፦
የኔ ስድስት አመቷ ነው አሁንም ፔፓ ናት። ከኦርላንዶ አንድ ሰዓት ቢነዳ ነው።

ሜሪላንድ 20፦
ለዛም መኪና ያስፈልጋል፣ ልብ በሉ።

ጨው ቅመሱ፦
እትዬ ቅድም ቆጣ ብዬ ነበር፣ ጥያቄዎ ሲጠፋ አይቼ ነው። አሁን ደግሞ እኔ የማውቀውን ልጨምር። እናቴን ሰባ አመቷ ላይ ወስጃታለሁ። ዊልቸር እዛው በር ላይ ይከራያል፣ መጀመሪያ "ሽማግሌ አደረጋችሁኝ" ብላ ተቆጣች፣ ከሰአት ላይ ግን የልጄን ልጅ ጭኗ ላይ አስቀምጣ እየዞረች ነበር። ያ ያሳፍረኛል ብለው እንዳይተውት። ሌላው ራይደር ስዊች የሚባል አለ፣ ልጅቷ የማትችለው ነገር ላይ ልጅዎ ስትገባ እርስዎ ከህፃኗ ጋር ይቆያሉ፣ ካስፈለገ ደግሞ እሷ ስትወጣ እርስዎ ያለ ሰልፍ ይገባሉ። ብር አይከፈልበትም፣ በሩ ላይ ላለው ሰራተኛ መንገር ብቻ ነው። እና ካስሉ ጀርባ የሚዞሩት ፈረሶች ጋ እርስዎም ይውጡ ከእሷ ጋር። በ1917 የተሰራ ነው፣ ንግስት ዘውዲቱ ዘውድ በጫኑበት በፈረንጆቹ አመት ማለት ነው፣ እስካሁን ይዞራል። እናቴ ፈረሱ ላይ ተቀምጣ የተነሳችው ፎቶ አሁን ሳሎናችን ላይ ነው።

ያልተሳካለት አባት፦
ጨው ቅመሱ ይሄን ቅድም ብትፅፈው ኖሮ። ጥሩ ነው።

ቤቲ አትላንታ፦
ቲኬቱ ግን ለአያቶች ቅናሽ አለው?

ኪሲሚ ነዋሪ፦
ለእድሜ ቅናሽ የለም። ከሶስት አመት በታች ነፃ፣ ከሶስት እስከ ዘጠኝ የልጅ፣ ከአስር ጀምሮ የአዋቂ ነው። የቀኑ ዋጋ ይለያያል ሰኞና ቅዳሜ አንድ አይደለም፣ ቀን ቀያይራችሁ እዩት። ሰልፍ የሚያሳጥረውን ላይትኒንግ ሌን በመጀመሪያው ቀን አልመክርም፣ ስልክ ላይ አፍጥጣችሁ ነው የምትውሉት፣ በጠዋት ከገባችሁ ለአራት አመት ልጅ የሚሆኑት ይዳረሳሉ።

አያት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ልጄ ማታ ከስራ ስትገባ ይሄን ሁሉ አስነብባታለሁ። ቁመቷን ዛሬ በር ላይ ለካናት፣ 41 ኢንች። ድንክዬዎቹ ይገባታል ማለት ነው አይደል? እሷ ደግሞ በእርሳስ የተሰመረውን እያየች "አያ አንቺስ?" ብላ እኔንም ለካችኝ።

የመንታ እናት፦
ይገባታል እትዬ! በደንብ ያልፋታል።

የናይል ደንበኛ፦
የሄዳችሁ ጊዜ ከናይል ፎቶ ላኩልን።

አዲስ አባል፦
ሰላም፣ ቫኑን ያነሳው ወንድም ካለ፣ ካር ሲቱን አውሮፕላን ላይ ይዞ መግባት ይቻላል ወይስ በሻንጣ ነው? እኛ ሐምሌ ላይ ነን ከሲያትል።