ወላጆችን ይዞ ሚድዌስትን ማየት፦ ባቡር፣ መኪና ወይስ መርከብ? (ጥቆማ)

ሰመር በመጣ ቁጥር ስልኬ ላይ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደጋገማል። «እማዬና አባዬ ከአዲስ አበባ መጡ፣ የት ልውሰዳቸው?» ጠያቂዎቹ ሚኒሶታ፣ ቺካጎና ኦሃዮ ያሉ ወዳጆቼ ናቸው። አብዛኛው ሰው ሞል ኦፍ አሜሪካን ያሳያቸውና የቀረውን ጊዜ ሶፋ ላይ ያስቀምጣቸዋል። እኔም መጀመሪያ ያደረግሁት ይሄንኑ ነው። አባዬ በሦስተኛው ቀን «ይሄ አገር ውጭ የለውም እንዴ?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ይዣቸው ወጥቻለሁ። አባዬ 76 ዓመቱ ነው። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ ጉልበቱን ያመዋል፣ ከዘራ ይይዛል። እማዬ ስኳር አለባት። በሰዓቷ መብላት አለባት፣ ሽንት ቤትም ቅርብ መሆን አለበት። ሁለቱም የደብረ ዘይት ሰዎች ናቸው። የምጽፈውም በእነሱ ልክ ነው። የናንተዎቹ ተራራ የሚወጡ ከሆኑ ይህን አታንብቡ።

ቁርጡን ልናገር። አንድ መንገድ ብቻ ምረጪ ብባል ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ እስከ ላ ክሮስ፣ ዊስኮንሲን ያለውን የሚሲሲፒ ወንዝ ዳር እመርጣለሁ። ርቀቱ 150 ማይል አካባቢ ነው። የቸኮለ ሰው በሁለት ሰዓት ተኩል ይጨርሰዋል። እኛ ሦስት ቀን ፈጀንበት።

ከቺካጎ ለምትነሱ ባቡሩን አስቡበት። አምትራክ የሚባለው የአገሪቱ የመንገደኞች ባቡር ድርጅት ከሜይ 2024 ጀምሮ ቦሪያሊስ የሚባል ባቡር በቺካጎና በሴንት ፖል መካከል በየቀኑ ያመላልሳል። በሚልዋኪና በላ ክሮስ አድርጎ ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ሲጀምር ዝቅተኛው ዋጋ 41 ዶላር ነበር። 65 ዓመት ለሞላው ሰው 10 በመቶ ይቀንሳሉ። በዚያው ሐዲድ ላይ ኢምፓየር ቢልደር የሚባለው የቆየ ባቡርም አለ። እሱ ትልልቅ መስኮት ያለው መመልከቻ ፉርጎ ስላለው ለዓይን ይበልጣል። ግን ወደ ቺካጎ ሲመጣ ከሲያትል ጀምሮ አገር አቋርጦ ስለሆነ መዘግየት ያበዛል። ባለ ሁለት ፎቅ ነው፣ ደረጃውም ጠባብ ነው። እሱን ከያዛችሁ ቲኬት ስትቆርጡ የታችኛውን ፎቅ መቀመጫ ጠይቁ። ለአዛውንት ግን ቦሪያሊስ ይሻላል ባይ ነኝ።

መቀመጫ ላይ ተጠንቀቁ። ወደ ሴንት ፖል ስትሄዱ በስተቀኝ፣ ወደ ቺካጎ ስትሄዱ በስተግራ ተቀመጡ። ባቡሩ ከላ ክሮስ ወዲያ ውሃውን ታክኮ ነው የሚሄደው። በሌላው ወገን የተቀመጠ ሰው ገደል ሲያይ ይውላል።

ባቡሩ ግን ቆም ብሎ አያሳይም። ለዚያ መኪና ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ምክሬ አጭር ነው፤ ሚኒቫን። መጀመሪያ ጊዜ ለክብራቸው ብዬ ትልቅ ኤስዩቪ ተከራየሁ። እማዬ ስትሳፈር ቀሚሷ ተጠላለፈባት። በአንድ እግሯ ቆማ፣ እጀታውን ጨብጣ «ልጄ፣ በቅሎ እንኳን እንዲህ አላስቸገረችኝም» አለችኝ። ሚኒቫን ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፣ በሩም ተንሸራቶ ይከፈታል። ተጣጣፊ ዊልቸርም ከኋላ ይገባል። ሲዬና (የቶዮታ ሚኒቫን) ያለው ሐበሻ መቼም አይጠፋም፤ መለመን ነው።

በሚኒሶታ በኩል በ61 ቁጥር መንገድ ውረዱ፣ በዊስኮንሲን በኩል በ35 ቁጥር ተመለሱ። ሬድ ዊንግ ከሴንት ፖል አንድ ሰዓት ያህል ነው። የታወቀው የሥራ ጫማ ከ1905 ጀምሮ የሚሠራባት ከተማ ናት። ሱቁ ውስጥ ቁጥሩ 638 ተኩል የሆነ ቡትስ ቆሟል። አባዬ ከጎኑ ፎቶ ተነሥቶ ደብረ ዘይት ላለ ጫማ ሰፊ ጓደኛው ላከለት። ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ዋባሻ ላይ ግን አትቸኩሉ። ናሽናል ኢግል ሴንተር እዚያ ነው። ተጎድተው ዱር መመለስ ያልቻሉ ንስሮች ይጠበቁበታል። ጠባቂዋ ክንዷ ላይ አስቀምጣ ታቀርበዋለች፤ እናንተ ተቀምጣችሁ ነው የምታዩት። ጥፍሩ የእማዬን ጣት ያህላል። እማዬ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ስታየው ቆየች። ከዚያ መዝሙረ ዳዊት ላይ ጎልማሳነትን እንደ ንስር ስለማደስ የተጻፈውን ለአባዬ በቃሏ አለችለት። አባዬ ጉልበቱን እያሻሸ «ይሄኛውም እኮ አልታደሰም፤ ክንፉ ተሰብሮ ነው የመጣው» አላት። በዊንተር የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ከፔፒን ሐይቅ በታች ያለው ውሃ በረዶ ስለማይሆን የዱሮቹ ንስሮች ዓሣ ፍለጋ እዚያው ይሰበሰባሉ።

አሁን ደግሞ ወደ እኔ ተወዳጅ ቦታ። ከዋባሻ ድልድዩን ተሻግራችሁ በ35 ቁጥር ትንሽ ስትሄዱ አልማ የምትባል ቀጭን ከተማ ታገኛላችሁ። በገደልና በወንዝ መካከል ተጣብቃ የቆመች ናት። 4 ቁጥር የሚባለው ግድብ እዚያ ነው። ከግድቡ ጎን መርከቦችን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ የውሃ በር አለ። ማየቱ በነጻ ነው። እኛ ስንደርስ አንድ ገፊ መርከብ 15 የጭነት ጀልባ አስሮ መጣ፤ ሦስት በአምስት ተደርድረው ከእግር ኳስ ሜዳ ይበልጣሉ። የውሃው በር ርዝመት 600 ጫማ ብቻ ስለሆነ ሁሉም በአንዴ አይገቡም። ሠራተኞቹ ገመዱን ፈተው ለሁለት ይከፍሉታል። የፊተኞቹ ይገባሉ፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃው ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ይወጣሉ። ከዚያ የኋለኞቹ። ከዚያ እንደገና ይታሰራሉ። አንድ ሰዓት ተኩል ወሰደ። እኔ ሰዓቴን አይ ነበር። አባዬ ተጣጣፊ ወንበሩን ዘርግቶ፣ ከዘራውን ጭኑ ላይ አስተኝቶ፣ ለእማዬ ያስተምራታል። «ያ እህል ነው። ኒው ኦርሊንስ ነው የሚወርደው። ይህን እኮ ስንት ዓመት በጠመኔ ሥዬዋለሁ።» ለዚህ አንድ ሳንቲም አልከፈልንም። ሺህ ዶላር ካወጣሁበት ጉዞ ሁሉ ዛሬም የሚያወራው ይሄንን ነው።

ላ ክሮስ ስትደርሱ ግራንዳድ ብላፍ ውጡ። የአያት ገደል እንደማለት ነው፤ አባዬ «በስሜ ሰይመውታል» ብሎ ነው የወጣው። ከከተማው 600 ጫማ ገደማ ከፍ ይላል፤ መኪናው እላይ ድረስ ይደርሳል። ሚኒሶታ፣ ዊስኮንሲንና አዮዋ ከአንድ ቦታ ይታያሉ።

ሌላ ቀን ከተረፋችሁ ዱቡክ፣ አዮዋ ድረስ ዝለቁ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይጨምራል። ገደሉን የምትወጣ ትንሽ የገመድ ባቡር አለች፤ ፌነሎን ፕሌስ ኤሌቬተር ትባላለች። ርዝመቷ 296 ጫማ፣ ከፍታዋ 189 ጫማ ነው። በ1882 ያሠራት አንድ ባንከር ነው። ቤቱ ገደሉ ላይ፣ ባንኩ ታች ነበር። በጋሪ ዞሮ ለምሳ ሲመላለስ የምሳ ሰዓቱ መንገድ ላይ ስለሚያልቅ የቀን እንቅልፉ ቀረበት፤ ለዚያ ሲል አሠራት። እማዬ ይሄን ስተረጉምላት «ብልህ ሰው» አለች። በዊንተር አትሠራም።

መርከብን በተመለከተ ሰው ይጠይቀኛል። ከ2022 ጀምሮ ቫይኪንግ ኩባንያ 386 ሰው የሚይዝ መርከብ ሚሲሲፒ ላይ አሰማርቷል፤ ከሴንት ፖል እስከ ሴንት ሉዊስ አንድ ሳምንት ይሄዳል። ለአንድ ሰው በሺዎች ነው የሚያስከፍለው። ለወላጆቻችን አልመክርም። ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ የማያውቁት ምግብ፣ የማይሰሙት ቋንቋ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር። ቺካጎ ላይ ያለው የ90 ደቂቃ የሕንፃዎች ጉብኝት ጀልባ ይሻላል። አባዬ ወደደው። እማዬ እንግሊዝኛው ሰለቻት፣ ግን ጀልባው በድልድዮቹ ሥር ሲያልፍ በየአንዳንዱ አማተበች። ወደ መሳፈሪያው የሚወርደው ደረጃ ረጅም ነው፤ በዊልቸር መውረጃውን ስትገዙ ጠይቁ።

ስለ ማደሪያ አንድ ስህተቴን ልናዘዝ። ፎቶው ሲያምር ጊዜ አንድ አሮጌ ቤት ውስጥ ክፍል ያዝሁ። ስንደርስ ክፍላችን ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። ባለቤቱ ቆንጆ ደረጃ ነው አለኝ። አባዬ ደረጃው መሃል ተቀምጦ አረፈ። ከዚያ ወዲህ ሳልደውል አልይዝም። ሦስት ነገር ነው የምጠይቀው፤ ምድር ቤት ክፍል አለ ወይ፣ ካልሆነ ሊፍት አለ ወይ፣ ሻወሩ ገንዳ የሌለው ነው ወይ። ሦስተኛው ይረሳል። የገንዳውን ግድግዳ ተሻግሮ መግባት ለአዛውንት አደጋ ነው። አውራ ጎዳና ዳር ያለው ተራ ሆቴል አያምርም፣ ግን ይሄ ሁሉ አለው፤ ጠዋትም እማዬ በሰዓቷ ትበላለች።

ምግብ ላይ ድርቆሽ፣ ቆሎና አንድ ፔርሙዝ ሻይ ያዙ። ለሽንት ቤት ክዊክ ትሪፕ የሚባለውን ነዳጅ ማደያ ፈልጉ፤ ዊስኮንሲን ውስጥ በየመንገዱ አለ፣ ሙዝም ይሸጣል። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾሙት የተጠበሰ ድንችና ሰላጣ ይገኛል፤ ቅቤ እንዳይጨምሩበት አስቀድማችሁ ተናገሩ። ዊስኮንሲን ውስጥ ደግሞ ዓርብ ማታ የዓሣ ጥብስ ባህል ነው፤ ከካቶሊኮቹ ጾም የመጣ ነው። አባዬ «አየሽ፣ እነሱም ጾም ነው ይላሉ» ብሎ አዘዘ። እማዬ ድንቿን ይዛ ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች። እስከ ሆቴል አላናገረችውም።

ስለ ሌሎቹ ቦታዎች ባጭሩ። ሱፒርየር ሐይቅ ዳር ያለችው የሚኒሶታዋ ዱሉዝ ለአንድ ሌሊት ጥሩ ናት፤ ትልቁ መርከብ ሲመጣ ድልድዩ ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ሲነሣ ከአግዳሚ ወንበር ላይ ታያላችሁ፣ አጠገቡ ያለው የመርከብ ሙዚየም ነጻ ነው። ሱፒርየር ሐይቅ ጣናን ከሃያ እጥፍ በላይ ይበልጣል፤ ነፋሱ በጁላይም ጋቢ ያስለብሳል። ሚሺጋን ያለው ማኪናክ ደሴት ከ1898 ጀምሮ መኪና አይገባበትም፣ ሰው የሚሄደው በፈረስ ጋሪ ነው። የደብረ ዘይት ሰው ጋሪ ለማየት ይሄን ያህል መንገድ ይሄዳል ወይ ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። አባዬ የፈረሶቹን ጥርስ ሁሉ ሊያይ ፈልጎ ነበር። ከዲትሮይት ለምትነሱ ይሆናል፤ ከሚኒሶታ ግን የመኪናው መንገድ ይገድላቸዋል። ሃውስ ኦን ዘ ሮክ የሚባለውን ዊስኮንሲን ያለ ቤት ተዉት። ጨለማና ረጅም የእግር መንገድ ነው።

ከመነሣታችሁ በፊት የጎብኚ የጤና ኢንሹራንስ ግዙላቸው፤ ለጉብኝት የመጣ ሰው ሜዲኬር (የመንግሥት የአዛውንት የጤና ኢንሹራንስ) የለውም። የቆየ በሽታን ይሸፍን እንደሆነ አንብቡ። የፓርኮች የ80 ዶላር የዕድሜ ልክ የአዛውንት ካርድም ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ላለው 62 ዓመት ለሞላው ብቻ ነው። ቅጠሉ የሚቀላው ወንዙ ዳር ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሆቴሉ ሁሉ ይሞላል። እኛ አሁን ሰኞ ወጥተን ሐሙስ እንመለሳለን፤ በዚያ ላይ ዓርብ ቤታችን ነን፣ የዓሣ ጠብ የለም።