የሹራብ መኪናዬ አስቸገረችኝ፤ ወደ እጅ ሥራ ልዙር ወይስ ልታገስ?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። በሹራብ መኪና የምትሠሩ ካላችሁ እባካችሁ አንድ በሉኝ። በእጅ የምትገፋ አሮጌ መኪና አለችኝ። በፋብሪካ ክር አንዳንዴ ትታዘዛለች። በእንዝርት የተፈተለ የመንዝ በግ ሱፍ ሳስገባባት ግን መላ ቅጧ ይጠፋል፤ ክሩ አንድ ቦታ ወፍራም ሌላ ቦታ ቀጭን ስለሆነ ወፍራሙ ይሰነቀራል፣ የመርፌዎቹ ምላስ (የመንጠቆውን አፍ የሚከድነው ትንሽ ብረት) ሳይዘጋ ያልፋል፣ ከዚያ ግማሽ የደረሰው ሹራብ ተተርትሮ እግሬ ሥር ዝርግፍ ይላል። እንደ እልኸኛ በቅሎ ናት፣ ደስ ሲላት ብቻ ትሄዳለች።

መርፌዎቹን በነጭ ጋዝ አጥቤ የስፌት መኪና ዘይት ቀባኋቸው። ክሩንም አላላሁት። ለውጥ የለም። መርፌዎቹን ተጭኖ የሚይዘው ስፖንጅ አልቆ ይሆን? በተራ ስፖንጅ ቆርጬ ብተካውስ ያስኬዳል? ጠጋኝ ጋ ወስጃት ነበር፣ «የልብስ ስፌት እንጂ ይሄን አላውቅም» አለኝ (ቢያንስ ሐቀኛ ነው)።

ካልሆነ መኪናዋን ትቼ በኪሮሽ ወይም በሹራብ መርፌ በእጄ ልሥራ እያልኩ ነው። እጅ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ይችለዋል። ችግሩ የኛ ሱፍ ሻካራ ነው። ለበርኖስና ለዝተት ማን እንደሱ! ለአንገት ልብስ ግን ይኮሰኩሳል። የጠቦቱን ሱፍ ለብቻ ብለይ ይለሰልሳል? ኪሮሹስ ስንት ቁጥር ይሁን? ትእዛዝ ተቀብያለሁ፣ የኅዳር ውርጭ ሳይመጣ ማስረከብ አለብኝና ቶሎ መልሱልኝ።