የሦስት ዓመት ልጅ ማስክ ያደርጋል? እህቴና አማቴ መሃል ገብቻለሁ

የቦሳ ኪቶዋ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ ከጅማ ቦሳ ኪቶ። ልጄ ሦስት ዓመት ከአራት ወሩ ነው። ጃፓን የምትኖረው እህቴ ሰሞኑን ሰው አግኝታ ዕቃ ላከችልን። ጫማ፣ ከረሜላ፣ ደግሞ ሃያ የሕፃን ማስክ። የድብ ጆሮ የተሳለበት፣ መዳፌን እንኳ የማይሞላ። "ኬጂ ስትወስጂው አድርጊለት፣ ያ አቧራችሁ ልጁን ይጎዳዋል" አለችኝ።

አቧራው እውነት ነው። ከቤታችን ጀርባ ጀንፈል (ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና) የሚቀሸርበት ወፍጮ አለ። ከኅዳር እስከ ጥር ገለባው ብን ስለሚል ነጭ ልብስ አጥቤ አላሰጣም። ልጁም ሌሊት ሌሊት ያስለዋል።

ትናንት አድርጌለት ስወጣ አማቴ በር ላይ አገኙን። "ምነው ልጁን እንደ በቅሎ ለጎምሽው?" ብለው አወለቁት። እኚሁ ሴትዮ አራስ እያለ ምች እንዳይመታው፣ ዓይን እንዳይበላው እያሉ ፊቱን በነጠላ ሲሸፍኑት ነው የከረሙት! ያኔ መታፈን የለም። ዛሬ ደግሞ የባጃጁ ልጅ "ኮሮና ተመለሰ እንዴ?" ብሎ መስተዋቱን ወደኛ አዞረው። እኔ ግራ ገባኝ። ላድርግለት ወይስ ልተወው?

ጃፓን የተማረ፦
እህትሽ አልተሳሳተችም፣ የለመደችውን ነው የላከችው። እዚያ ማስክ ከኮሮና በፊትም ነበር። ጉንፋን የያዘው ሰው ሌላውን ላለማስያዝ ያደርጋል። ከየካቲት ጀምሮ ደግሞ ጥድ የሚመስል ዛፍ አላቸው፣ የአበባው ብናኝ ብዙ ሰው ያስነጥሳል። በጣም የገረመኝ ግን የትምህርት ቤት ምሳ ነው። የአንደኛ ክፍል ልጆች ነጭ ጋውን፣ ቆብና ማስክ አድርገው በተራ ለጓደኞቻቸው ሾርባ ይቀዳሉ። እዚያ ማስክ የበሽተኛ ምልክት አይደለም፣ ሽርጥ እንደማሰር ነው። እነሱም ቢሆኑ ግን ወሰን አላቸው። ኮሮና ሲገባ፣ በእኛ 2012፣ የሕፃናት ሐኪሞቻቸው ማኅበር ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ አደገኛ ነው፣ ተዉት ብሏል።

የሕፃናት ክፍል ነርስ፦
አብሽሪ እህቴ፣ አማትሽም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ነሐሴ 2012 ባወጡት ምክር አምስት ዓመትና ከዚያ በታች ያለ ልጅ ማስክ አድርግ ተብሎ አይገደድም። ከስድስት እስከ አስራ አንድ እንደ ሁኔታው ነው። ከአስራ ሁለት ጀምሮ እንደ አዋቂ። አሜሪካኖቹ ደግሞ ከሁለት ዓመት ጀምሮ ይሁን ሲሉ ነበር። በአንድ በሽታ ላይ እንኳ አገሮች አልተስማሙም።

ያ ሁሉ ግን ለኮሮና ነው። ያንቺ ጣጣ ገለባ ነው። የድቡ ማስክ ጉንጩ ላይ ክፍት ስለሚሆን ደቃቁ ብናኝ በጎን ይገባል። ትንሽ ልጅ ደግሞ ለሃጩን ያዝረበርብበታል፣ ከረጠበ መተንፈስ ያስቸግረዋል። ወፍጮውን እስክታልፉ አድርጊለት፣ ካስጠላው ግን አትታገይው። ሲተኛና ሲሯሯጥ በፍጹም። ከሁሉም በላይ የሌሊት ሳሉን አሳዪለት። አስም ሊሆን ይችላል፣ በማስክ የሚሸፈን ነገር አይደለም።

የጅማ ኮቺው አባት፦
ማስክ በሕፃን እጅ ምን እንደሚሆን እኔ ልንገርሽ። 2013 ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጄ አንደኛ ክፍል ገባች። ጠዋት ሰማያዊ አድርጋ ትሄዳለች፣ ማታ አበባ ያለበት አድርጋ ትመጣለች። "ተቀያየርን፣ የሷ ያምራል" 😂 በሽታ ለመከላከል የተደረገው ነገር አፍ ለአፍ መዋዋሻ ሆኖ አረፈው።

የቦሳ ኪቶዋ እናት፦
ሁላችሁንም ሞት አይይብኝ። ነገ ሳሉን ላሳይለት ጤና ጣቢያ እወስደዋለሁ። ወደ ኬጂም በወፍጮው በኩል መሄዱን ትተን በላይኛው መንገድ እንዞራለን፣ ባጃጁ አምስት ብር ቢጨምርም። ማስኮቹን ሳጥን ውስጥ ሳስቀምጥ አማቴ ከኋላ መጥተው አንዱን አነሱና ፊታቸው ላይ ለኩት። አፍንጫቸውን እንኳ አልሸፈነም። "ለትልቅ ሰው የሚሆን አልላከችም? በርበሬ ልቀነጥስ ነበር" አሉኝ።