«የፖለቲካ ዐመፅ» ሲባል ያመፀው ማን ነው?

ጥያቄ፦ እዚህ ባሕር ዳር ለፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎች የቃላት መፍቻ ሳዘጋጅ አንድ ስያሜ ላይ ስለቆምሁ አስተያየታችሁን እሻለሁ። የዘርፉ ሊቃውንት መንግሥትም ይሁን ታጣቂ ቡድን ለፖለቲካ ዓላማ በሰው አካልና ሕይወት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በአንድ የወል ስም፣ በእንግሊዝኛው «political violence» ብለው፣ ይጠሩታል፤ በእኛ ጽሑፎች ግን ይህ ስም አንዴ «ዐመፅ»፣ አንዴ «ሁከት»፣ አንዴም «ግጭት» እየተባለ ይተረጎማል። ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ሳይንስ ሊቅ ማክስ ዌበር እ.ኤ.አ. በ1919 ሙኒክ ላይ ባደረገው ንግግር መንግሥትን «በግዛቴ ውስጥ በሕጋዊነት ኃይል የመጠቀም መብት የእኔ ብቻ ነው» ብሎ ያስከበረ አካል አድርጎ ገልጾታል። ያንን ኃይል «ዐመፅ» ብንለው መንግሥት በራሱ ላይ የሸፈተ ሊመስል ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ «ሁከት»ን ለሕግ ሰዎች ተውላቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1149 ባለይዞታው «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ እንዲከስ ይፈቅድለታልና፣ ለሁከት ደም መፍሰስ አያስፈልገውም፤ አጥር መግፋት ይበቃዋል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ «ግጭት» ነው። «ተጋጨ» የሚለው ግሥ፣ እንደ «ተዋጋ»ና «ተታኮሰ» ሁሉ፣ ሁለት ወገን ይፈልጋል። የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የግጭት መረጃ ፕሮግራም መንግሥት ወይም የተደራጀ ቡድን ሆን ብሎ ሲቪሎችን የሚገድልበትንና በዓመት ቢያንስ 25 ሰው የሚሞትበትን ድርጊት በሁለት ወገኖች መካከል ከሚደረገው ውጊያ ለይቶ፣ «የአንድ ወገን» ብሎ ይመዘግባል። ባዶ እጃቸውን የነበሩ ሰዎች መገደላቸውን «ግጭት» ብለን ስንጽፍ ሟቾቹን ሳናውቀው ተጋጭ እናደርጋቸዋለን። (ሁሉንም በአንድ ከረጢት የሚከተውን «የጸጥታ ችግር» የተባለ የቢሮ አነጋገርማ ባላነሣው ይሻላል።)

ከመሪጌታ፦ ልጆቼ፣ ዐመፅን ያለ ጥፋቱ አትክሰሱት። በግዕዝ «ዐመፀ» ማለት በደለ፣ ግፍ ሠራ ማለት ነው እንጂ በንጉሥ ላይ ተነሣ ማለት ብቻ አይደለም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ላይ ያለው ዳኛ «ዓመፀኛ» የተባለው ጫካ ገብቶ ሳይሆን በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነው። ቃሉ ከታች ወደ ላይ ብቻ እንዲመለከት ያደረገው የኋላ ዘመን አነጋገር ነው፤ «ግፍ» ደግሞ ዛሬም ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። «ሽፍታ»ን ተመልከቱ፤ ከጣና በስተ ምዕራብ በቋራ የሸፈተው ካሣ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ሲጭን በተራው ሌላውን ሽፍታ የሚል እርሱ ሆነ። ዮሐን ጋልቱንግ የተባለው የኖርዌይ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1969 «መዋቅራዊ» ያለውንም፣ ማለት ማንም ሳይተኩስ በሥርዓቱ አሠራር ብቻ ሰው የሚጎዳበትን ሁኔታ፣ እኔ «መዋቅራዊ ግፍ» እለዋለሁ።

ከጠያቂው፦ መሪጌታ፣ የዳኛው ምሳሌ አሳምኖኛል፤ ሆኖም ተማሪው ዐመፅን የሚሰማው ከቅኔ ቤት ሳይሆን ከዜና ስለሆነ የጥንቱን ትርጉም በአንድ የመፍቻ መስመር መመለስ የሚቻል አይመስለኝም። ስለዚህ ለወል ስሙ «የፖለቲካ ጥቃት»ን መርጫለሁ፤ ጥቃት አድራሹ ማንም ሊሆን ይችላልና። ዐመፅን በሥልጣን ላይ ባለ አካል ላይ ለሚደረግ መነሣት ብቻ አስቀርቼዋለሁ። በ«መዋቅራዊ ግፍ» ላይ ግን አንድ ጥርጣሬ አለኝ፤ ጋልቱንግ አድራጊው ተለይቶ የማይታወቅበትን ጉዳት ነው የሚያነሣው፣ ግፍ ካለ ግን ግፈኛ አለ ብለን አንጠይቅምን?

ከመሪጌታ፦ መጠየቁስ ይገባል። ነገር ግን «ግፉዕ» የሚለው ስም፣ ሲበዛም «ግፉዓን»፣ የተገፋውን እንጂ የገፋውን አይጠራም። መፍቻህ ላይ ከዚህ ጀምር።