በወረቀት የተፋታች፣ በዲን የታሰረች

አሰላሙ ዓለይኩም ወንድሞችና እህቶች፣

ባለፈው ሳምንት አንዲት እህታችን «በምኖርበት አገር ፍርድ ቤት ተፋትቻለሁ፤ ኒካሄ (በእስልምና የጋብቻ ውሌ) ግን አዲስ አበባ ነው የታሰረው፤ አሁን ማግባት እችላለሁ?» ብላ ጠይቃ ነበር። ጥያቄዋ ልቤን ነካው። የእኔም ታሪክ ያው ነውና። አሁን ለእረፍት መጥቼ ፒያሳ ኑር መስጊድ አካባቢ ዘመድ ቤት ነኝ። የማውቀውን ልጻፍላት።

የእኔ ኒካህ የታሰረው እዚሁ፣ በአባቴ ቤት ነው። ወሊዬም (በኒካህ ላይ የሚድረኝ ኃላፊዬ) አባቴ ነበር። ውጭ አገር ሄደን ትዳሩ አልሆነም። እዚያ ያለው ፍርድ ቤት ፍቺውን ወሰነ። የቀድሞ ባለቤቴ ግን «እኔ ጠላቅ ከአፌ አልወጣም» አለ፤ ጠላቅ ባል ሚስቱን የሚፈታበት ቃል ነው። በቃ፣ 4 ዓመት በወረቀት ነፃ፣ በዲኔ ግን የሰው ሚስት ሆኜ ኖርኩ። ጥሩ ሰው ለትዳር ሲጠይቀኝ የመስጊዱ ኢማም መጀመሪያ ያነሳው «ጠላቁስ?» የሚለውን ነው። መልስ አልነበረኝም።

ይሄ ሃይማኖታችን ያዘዘው አይደለም። በቁርኣን ሱረቱል በቀራ 229 ላይ ያለው በመልካም መያዝ ወይም በመልካም ማሰናበት ነው። 231 ላይ ደግሞ ለመጉዳት ብላችሁ አትያዟቸው ይላል። ወንድሞቼ፣ ይህቺን አንቀጽ ደጋግማችሁ አንብቡልኝ። ጠላቅ በእጃችሁ መሆኑ ሴትን ለመቅጣት አልተሰጣችሁም።

ሴቷም መንገድ አላት። አንዱ ኹልዕ ነው፤ መህሯን (ባል በኒካህ ለሚስቱ የሚሰጠውን ስጦታ) መልሳ ትለቀቃለች። የሳቢት ኢብን ቀይስ ሚስት ለመህር የተሰጣትን የአትክልት ቦታ መልሳ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ተለያይታለች። ሌላው ጉዳቷን አስረድታ ቃዲው (የሸሪዓ ዳኛው) ጋብቻውን እንዲያፈርስላት መጠየቅ ነው። (መህር ከጥሎሽ ጋር አይምታታባችሁ። መህር የሴቷ የግል ሐቋ ነው፤ አባትም ወንድምም አይነካውም።)

አዲስ አበባ ላይ ይሄ ጉዳይ የሚታየው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተደራጀ ነው፤ መሠረቱም ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ አለ። ዋናው ነገር ፈቃደኝነት ነው። ሁለታችሁም በሸሪዓ ለመዳኘት በግልጽ መስማማት አለባችሁ። አንዴ ከተስማማችሁ በኋላ ደግሞ ጉዳዩን ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ላዙር ማለት የለም። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት በደንብ አስቡበት።

የቀድሞ ባለቤቴን ወደዚህ ፍርድ ቤት ያመጣው አጎቱ ነው። ትልቅ ሰው ናቸው። ቤቱ ድረስ ሄደው «በአላህ ይዤሃለሁ፣ ልጅቷን ፍታት» አሉት። አገር ቤት ለእረፍት መጥቶ ስለነበር ቀርቦ ተስማማ። እኔም መህሬ የነበረውን ወርቅ መለስኩ። ስወጣ አለቀስኩ። የእፎይታ ለቅሶ ነበር። አልሐምዱሊላህ።

አሁን ብዙዎች የሚሳሳቱበትን ልንገራችሁ። ኢዳ፣ ማለትም ሴት እንደገና ከማግባቷ በፊት የምትጠብቀው ጊዜ፣ የሚቆጠረው በዲን ከተለያያችሁበት ቀን ነው። እኔ «4 ዓመት አልፎኛል» ብዬ ተዘናግቼ ነበር፤ ግን ሀ ብዬ ጀመርኩ። በጠላቅ የተፈታች ሦስት የወር አበባ ትጠብቃለች፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች እስክትወልድ። ባሏ የሞተባት ደግሞ 4 ወር ከ10 ቀን። ከዚያ ሌላ የአገራችን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ለሴት የ180 ቀን መቆያ አለው። እንደ እርግዝና አለመኖሩን በሐኪም ማስረጃ ማሳየት ያሉ ልዩ ሁኔታዎችም አሉት። ሁለቱም ይጠበቁ።

አንድ ወንድም በስልክ መልእክት ሦስቴ «ፈትቼሻለሁ» ብሎ ልኮ «ተፋታን ወይስ አልተፋታንም?» ሲል ጠይቋል። ወንድሜ፣ ይሄ ዑለማዎች (የዲን ሊቃውንት) የሚለያዩበት ጉዳይ ነው። እዚህ ተወያይተን አንጨርሰውም። የጻፍከውን እንዳለ ይዘህ ቃዲ ዘንድ ቅረብ። እስከዚያ ሚስቴ ናት ብለህ እንዳትቀርባት።

በወኪል ኒካህ ለማሰር ያሰባችሁም አላችሁ። በሸሪዓው ውክልና ይቻላል። የቤተሰብ ሕጉ ግን ተጋቢዎች ራሳቸው እንዲገኙ ይላል፤ በእንደራሴ የሚፈቀደው ከባድ ምክንያት ሲኖርና የመንግሥት ፈቃድ ሲገኝ ነው። ለቪዛ ብላችሁ ስትሮጡ ይሄ ነገር ኋላ ይይዛችኋል።

እህቴ፣ እኔ እስከ ወሩ መጨረሻ እዚሁ ነኝ። የኒካህ ወረቀትሽን፣ የምስክሮቹን ስምና የፍቺውን ውሳኔ ሰብስቢ። አንቺም አገር ቤት የምትመጪ ከሆነ ቀኑን በውስጥ ንገሪኝ፤ ፍርድ ቤቱ ድረስ አብሬሽ እሄዳለሁ።