ፓርቲሽን ከተሰረዘ በኋላ ኮምፒውተሬ ከግሩብ ሬስኪዩ አላልፍ አለ

ዊንዶውስ 10 እና ኡቡንቱ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ የተጫኑበት፣ ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) የቆየ፣ የፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) ሰንጠረዡም ኤምቢአር የተባለው የቆየ ዓይነት የሆነ ኮምፒውተር አለኝ። ባዶ የነበረውን አንድ ሎጂካል ፓርቲሽን (በሌላ ፓርቲሽን ውስጥ የሚፈጠር ክፍልፋይ) ከዊንዶውስ ሆኜ ከሰረዝኩ በኋላ ኮምፒውተሩን ሳስነሳው፣ ሁለቱን ሲስተሞች የሚያስመርጠው ዝርዝር መምጣቱ ቀርቶ በጥቁር ስክሪን ላይ «ኖ ሰች ፓርቲሽን» (እንዲህ ያለ ፓርቲሽን የለም) የሚል መልእክትና የግሩብ ሬስኪዩ፣ ማለትም ሲስተሞቹን የሚያስነሳው ግሩብ የተባለው ፕሮግራም ፋይሎቹን ሲያጣ የሚያመጣው፣ መጻፊያ መስመር ብቻ ይታያል።

ፓርቲሽኖቹን የሚዘረዝረውን «ኤልኤስ» የተባለ ትእዛዝ ስጽፍ፣ ቀድሞ 6ኛ የነበረው የኡቡንቱ ፓርቲሽን 5ኛ ሆኖ ይዘረዘራል። ሎጂካል ፓርቲሽኖች ከ5 ጀምሮ በተርታ ስለሚቆጠሩ፣ ግሩብ ፋይሎቹን በቀድሞው ቁጥር እየፈለገ ያጣቸው ይመስለኛል። ኮምፒውተሩን ከፍላሽ ላይ በኡቡንቱ አስነስቼ ስመለከት ግን ፋይሎቼ በሙሉ በቦታቸው አሉ፤ ይህ ትልቅ እፎይታ ሰጥቶኛል።

የጨነቀኝ ቀጣዩ እርምጃ ነው። ግሩብ ፋይሎቹን የት እንደሚፈልግ የሚነግሩትን፣ «ሩት» እና «ፕሪፊክስ» የተባሉትን ቅንብሮች ወደ አዲሱ ቁጥር ቀይሬ ኡቡንቱን ካስነሳሁ በኋላ፣ ግሩብን በፓርቲሽኑ ላይ ሳይሆን በራሱ በዲስኩ መጀመሪያ ላይ እንደገና መጫን ብቻ ይበቃልን? ወይስ የዊንዶውስን መነሳት የሚያውክ፣ አስቀድሜ ልጠነቀቅለት የሚገባ ነገር አለ? በዲስኩ ላይ ለረጅም ጊዜ የደከምኩበት ጽሑፍ ስላለ በግምት ልነካው አልደፍርም። ይህን ችግር የፈታችሁ ቅደም ተከተሉን ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።